አንጀት የዘጋው የሐሞት ጠጠር

የእናቴ ሕመም የጀመረው በኢድ ማግስት፣ ምሳ በልተን ስንነሣ ነው። «ሆዴን ጎረበጠኝ» ብላ ጋደም አለች። ማንም አልደነገጠም። እናቴ ጎንደር ገበያ ቅመም ስትነግድ የኖረች ሴት ናት፤ ቅባት በበላች ቁጥር ቀኝ ጎኗን ይዛ «ይህ ጨጓራዬ ተነሣ» ማለት ልማዷ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ አልደበቅንም፤ ስሙን ነው የሳትነው። ጨጓራ አልነበረም።

ሲመሽ አስመለሳት። በማግስቱ የሚወጣው አረንጓዴ ሆነ። በዚህ ቤተሰቡ ተደሰተ ብል ማን ያምነኛል? በእኛ ዘንድ ሐሞት ማስመለስ የበሽታ መውጫ ነው። አክስቴ «እሰይ፣ ሸጋ ሆነ! ሐሞቷ ወጣላት» ብላ አጥሚት አፈላች። እውነትም ቁርጠቱ ተወት አደረጋት፤ ተነሥታ ሰገደች። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ያዛት። ደግሞ ለቀቃት፣ ደግሞ ያዛት። ለካ ጠጠሩ አንጀቷ ውስጥ ፈቀቅ ሲል ይሻላታል፣ ሲሰነቀር ይብስባታል። ይህን ያወቅነው ኋላ ነው።

ሲውል ሲያድር ሆዷ ተነፋ። ንፋስ እንኳ አልወጣላት አለ። ትውከቷ ሸተተ። ያኔ ሆስፒታል ወሰድናት።

በአፍንጫዋ ቱቦ አስገቡ። ጉሉኮስ ሰቀሉላት። ሐኪሙ መጀመሪያ አንጀቷ የተጠማዘዘ መስሎት ነበር፤ ከደጋው በቃሬዛ የሚመጣው ሕመምተኛ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነውና። ኤክስሬይና አልትራሳውንድ ካየ በኋላ ግን ጠራን።

«በሐሞት ቱቦዋ ውስጥ አየር አለ። የሐሞት ከረጢቷ ወደ አንጀቷ ተበስቶ፣ የወረደው ጠጠር ዘግቶት ይሆናል። ብዙ አያጋጥምም። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል።»

እናቴ እምቢ አለች።

«ምነው ትለምኑኛላችሁ? ተቀድጄ አልሞትም። ቤቴ ውሰዱኝ።»

ወንድሜ ለመናት። እኔ እግሯን ሳምኩ። ሁላችንም እየተቀባበልን «ምንም አትሆኚም» አልናት። እሷ ግን ጠያቂውን ሁሉ «አውፍ በሉኝ» እያለች መሰናበት ጀመረች። እኔንም ይቅርታ ጠየቀችኝ። አውፍ ካልኳት የምትሞት መሰለኝ። ኮሪደር ወጥቼ ግድግዳ ተደገፍኩ። ተስፋ ቆረጥኩ። ምን ብዬ ዱዓ እንደማደርግ ጠፋኝ። እንድትድን? ወይስ ቶሎ እንድታርፍ?

ስመለስ ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ቆሟል።

«ልጄ፣ እድናለሁ?» አለችው።

«አላውቅም፣ እናቴ። በጣም ደክመዋል። ካልከፈትንዎት ግን እንደማይድኑ አውቃለሁ።»

በልቤ ረገምኩት። ለታመመ ሰው እንዲህ ይባላል? እናቴ ግን «እሺ፣ ክፈተኝ» አለችው። በጣቷ ፈረመች።

ጠጠሩ የእርግብ እንቁላል ያህላል። ትንሹ አንጀቷ መጨረሻ ላይ ተሰንቅሮ ተገኘ። ያወጡት እሱን ብቻ ነው፤ የሐሞት ከረጢቷንና ቀዳዳውን ለመንካት አቅም አልነበራትም። ሌላ ጠጠር ሊወርድ እንደሚችልም ተነግሮናል።

ከዚያ ቁስሉ መገለ፣ ትኩሳት ተነሣ። እናቴ ቀና ብላ እስክትቀመጥ ድረስ፣ ከዚያም አልጋ እየተደገፈች ሁለት ሦስት ርምጃ እስክትራመድ፣ ሾርባ ጠጥታ ሆዷ ውስጥ እስኪረጋላት ድረስ፣ በየጠዋቱ ዓይኗን መግለጧን እያየሁ አልሐምዱሊላህ ማለት ሥራዬ ሆነ። ፈጽማ ድናለች አልልም። ከስታለች፤ ሆዴን ባለች ቁጥር እኔ ቀድሜ እሞታለሁ።

ሐኪሙንና ያለመጸየፍ ያጠቧትን ነርሶች አላህ ይስጥልኝ። እናንተም አረንጓዴ ትውከትን መዳን አትበሉት። ቁርጠቱ ለቀቀ ብላችሁም አትዘናጉ፤ ንፋስ ወጥቶ እንደሆነ ጠይቁ፣ ካልወጣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሕመምተኛውንም አትሸንግሉት። እናቴን ቤት ከገባን በኋላ፣ ያን ያህል ስንለምናት እምቢ ብላ ለሐኪሙ ለምን እሺ እንዳለችው ጠይቄያት ነበር።

«እናንተ ‹ምንም አትሆኚም› ስትሉኝ ነው መሞቴን ያወቅኩት» አለችኝ።