ሙዳዩ ላይ የወጣው ባለላባ እባብ

ከማኅበራችን ሴቶች ጋር ለንፋስ መውጫው ባዛር የስፌት ሥራ ስናሰባስብ የልጅ ልጄ እባብ የተሰፋበት ሙዳይ ይዛ መጣች። እባቡ ደግሞ እንደምናውቀው አይደለም፤ ከራሱ እስከ ጅራቱ ላባ አለው። የስፌቱን ሣር፣ አክርማውን፣ ቀለም ነክራ ክረምቱን ሙሉ ስትሰፋው ከርማለች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«የአዝቴኮች ምልክት ነው፣ እምዬ። ሜክሲኮ የነበሩ ሕዝቦች ናቸው፤ ስልክ ላይ ነው ያየሁት። እባቡ ምድር ነው፣ ላባው ሰማይ።»

የቀረውንም አልደበቀችኝም። ሰው እየሠዉ ለአማልክት ያቀርቡ ነበር፤ ስሰማው ቀፈፈኝ። ኋላ ስፔኖች ከተማቸውን አፈረሱ፣ መጻሕፍታቸውን አቃጠሉ። ዘራቸው ግን ቋንቋውን ዛሬም ይናገራል፤ የከተማቸው ምልክት የነበረው ንስርም የሜክሲኮ ባንዲራ ላይ አለ አለችኝ። አንድን ሕዝብ በክፋቱ ብቻ ማስታወስ ግፍ መሰለኝ።

በእኛ ማኅበር አንዷ የተቃወመችው ሥራ ለባዛር አይወጣም። ለዘመድ እንዳናዳላ ብዬ ደንቡን ያስወጣሁት እኔው ነኝ። አብረውን የሚሰፉት መነኩሲት ሙዳዩን እንዳዩ አማተቡ።

«በስመ አብ! ይሄ ከእኛ ሥራ ጋር አይሄድም። ይተርተር!»

የልጅቷ ዓይን እንባ አቀረረ።

«እማሆይ» አልኩ፣ «የሚበሉት ድልህ ከየት የመጣ ይመስልዎታል? በርበሬን ቀድመው ያበቀሉት የዚያ አገር ሰዎች ናቸው አሉ።»

«እሱ ተባርኮ ነው የሚበላ!»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

«እሺ፣ ጳጳሱ የመጡ ዕለት በትራቸውን አይተው የለ? አናቱ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

እባብ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

«እሱ የሙሴ ነው፣ አንቺ ምላሳም!» አሉ እማሆይ።

«ይሄም የሌላ ሕዝብ ነው። ስገዱለት ያለ የለም። የእኛ እባብ ሲሆን ክቡር፣ የሰው ሲሆን ሰይጣን የሚባልበት ፍርድ አይገባኝም። እምቢ ካሉ ግን ደንብ ደንብ ነው፤ የልጅ ልጄ ስለሆነች አላስጥስም። እኔው እተረትረዋለሁ።» ወስፌዬን አነሣሁ።

እማሆይ ሙዳዩን ከእጄ ነጥቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። የእባቡን ገላ በጣታቸው እየዳሰሱ እስከ ጅራቱ ወረዱና እዚያ ቆሙ።

«ስፌቱ እዚህ ጋ ላላ ያለ ነው» አሏት ልጅቷን። «እንዲህ ሆኖ ባዛር ወጥቶ ሊያሳፍረን? በይ ነይ፣ ቀይ አክርማ ውኃ ውስጥ ነክረሽ አቀብይኝ።»