ጋዲ ኦስቲያ ላይ የተናገረችው

ከጂንካ የተነሳነው ዝናብ ባረጠበው ማለዳ ነበር፤ እኔና ጋዲ። ጋዲ የሐመር ሴት ናት። ልጇ ከተጠለፈችባት ወዲህ፣ በየመንደሩ ጥቃት የደረሰባቸውን ሴቶች ወደ ጤና ጣቢያና ፍርድ ቤት ታጅባለች። እኔ ቱርሚ አድጌ ቋንቋዋን እናገራለሁ፤ ሥራዬም ፖሊሱን፣ ሐኪሙንና ዐቃቤ ሕጉን ከእነዚህ ሴቶች ጋር ማገናኘት ነው። ወደ ሮም የጠራን አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ጂንካ ላይ ለተጎጂዎች ትልቅ መጠለያ ሊሠራ አስቦ፣ ከመወሰኑ በፊት ሊሰማን ፈልጎ ነው።

ጋዲ ደመናውን ከአውሮፕላኑ መስኮት ቁልቁል እያየች፣ "ለካ ዝናብም ጀርባ አለው" አለችኝ።

ካስትሮ ፕሬቶሪዮ

ሮም ውስጥ ያረፍነው ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት ሰፈር ነው። አስተርጓሚያችን እትዬ ለተብርሃን አንዱ ምግብ ቤት በር ላይ ቆመው ጠበቁን። አስመራ ተወልደው አማርኛ የተማሩ፣ ዕድሜያቸውን ሮም ውስጥ አረጋውያንን ሲጦሩ ያሳለፉ እናት ናቸው።

"አሎራ፣ መጀመሪያ ብሉ። ስብሰባው ነገ ነው፤ ቫ ቤኔ፣ እሺ?" አሉ ጣልያንኛ እየቀላቀሉ፤ ሽሮም አዘዙልን።

በማግስቱ የተሰበሰብነው ረጅም መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ ነው። የዛፍ ጥላ ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው የቤት ፕላን ላይ ይወዛወዛል። ብዙ ክፍሎች፣ ጓሮ፣ ከፍ ያለ አጥር። የድርጅቱ ኃላፊ፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት፣ ጋዲን ምን እንደሚመስላት ጠየቀቻት።

"ቆንጆ ቤት ነው" አለች ጋዲ። 

ደጋግሜ ብጠይቃትም ሌላ ቃል አልወጣትም። ሰኞ ሊወሰን ተቀጠረ። ገንዘቡ ሁሉ ግድግዳ ሆኖ ሊቀር ነው ብዬ ሰጋሁ።

ኦስቲያ

እሑድ እትዬ ለተብርሃን ባሕር ሊያሳዩን ወደ ኦስቲያ ወሰዱን። በአንድ ዩሮ ከሃምሳ ትኬት ከፒራሚዴ ጣቢያ ባቡር ተሳፈርን። የበጋው ሰው ተበትኗል፤ ጃንጥላዎቹ ታጥፈው ቆመዋል። ጉም ወርዶ ሰማዩና ውሃው የት ጋ እንደሚለያዩ አይታወቅም። ሦስታችንም በእንቅልፍ ልብ የምንራመድ ይመስለኝ ነበር። አሸዋው ላይ ተቀምጠን ፒዛ ቢያንካ የሚሉትን ጠፍጣፋ ዳቦ ቆረስን፤ ማዕበሉ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ጋዲ ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል ጀመረች። "ልጄን ካስጣልናት በኋላ ከተማ ወስደው መጠለያ ቤት አስገቧት። አልጋ ነበራት፣ ምግብም ነበራት። የጠለፋት ሰው ግን መንደራችን ውስጥ ከብቱን ያጠጣል። ልጠይቃት ስሄድ፣ 'እማዬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ እንዴ?' አለችኝ።"

ስተረጉምላቸው እትዬ ለተብርሃን አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "ታዲያ ያን ዕለት ለምን ዝም አለች?"

"ቤት ልሥራላችሁ ላለ ሰው፣ ቤትህን አልፈልግም ይባላል?" አለች ጋዲ።

"ንገሪያት ልጄ" አሉኝ። "እኔም እዚህ አገር ስመጣ የሰጡኝን ሁሉ ግራትሲዬ እያልኩ ተቀብያለሁ። ማመስገንና መስማማት ግን አንድ አይደሉም በያት።"

ይህን ስተረጉምላት ጋዲ፣ "እንግዲያው ነገ እናገራለሁ" አለች።

ሰኞ

የጋዲ ቃል ከሐመርኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ጣልያንኛ እየተሻገረ ክፍሉን ሞላው።

"ሴቲቱ ካለችበት የሚደርስላት ሰው ስጡን። የቀጠሮ ቀን የሚያደርሳት መኪና፣ ዳኛው ፊት ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰው። ቤቱ ትንሽ ይሁን፤ መግቢያ ላጣች።"

ኃላፊዋ አስባ ጠየቀች። "ሰውየው እዚያው ከሆነ፣ እሷ እንዴት ያለ ስጋት ትኖራለች?"

"ብቻዋን ስትሆን ትፈራለች። ሽማግሌውም ፖሊሱም ዓይኑን ከጣለበት፣ የሚፈራው እሱ ነው። ካልሆነም ወደ እናቷ ወገኖች ትሂድ።"

ከሰዓት በኋላ ተወሰነ። መጠለያው ሁለት ክፍል ብቻ ይሆናል፤ የቀረው ገንዘብ ለመኪናና በየመንደሩ ለሚያጅቡ ሴቶች፣ ለአንድ ዓመት ለሙከራ። ትልቅ ድል አልነበረም። እትዬ ለተብርሃን ግን ደረጃው ላይ ጋዲን አቅፈው አልለቅ አሉ።

ቤት

ቱርሚ ስንደርስ አቧራው ፀሐይ ውስጥ እንደ ጭስ ቆሟል። ከከተማው መጠለያ ከወጣች ወዲህ ከእናቷ ጋር የምትኖረው የጋዲ ልጅ ከመንደሩ ወጥታ እየሮጠች መጣች።

ሰው ዝም ሲል ሐሳቡን ጨርሷል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ ጉዞ ተምሬአለሁ። ብዙም ሳይቆይ ከዲመካ ከተማ ርቃ የምትኖር፣ የተደበደበች ሴት ዘንድ ተጠራን።

"የት ሆነሽ ብንረዳሽ ትወጃለሽ?" አልኳት።

 መልሷን ለመስማት ጋዲም እኔም አልቸኮልንም።

"እዚሁ" አለች።

እዚያው ከእሷ ጋር ልንሰነብት ዕቃችንን ከመኪናው አወረድን።