የሉሺየስ ወንበር

ባሌ ሉሺየስ ከመኪና ፋብሪካ ሲገባ ሁለት እንጨት ይዞ ጠረጴዛውን ካልደበደበ ራት አይወርድለትም ነበር። ጎረቤት አንድ በይው እያለ ሲነዘንዘኝ፣ ጆሯችሁን በጥጥ ወትፉ ብዬ አልፍ ነበር። ምን ላድርግ? ዲትሮይት ውስጥ ጃዝ እጫወታለሁ የሚል ሁሉ የእሱን ከበሮ ተደግፎ ነው ያደገው።

ጡረታ በወጣ ማግስት ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ኋላ ነፍስ ቢዘራም ፍጥነቱ አልተመለሰም። እኔ ዓሣ የምጠብስበት፣ እሱ ማታ ማታ ከበሮ የሚመታበት ቡና ቤት ባለቤት ሃርግሮቭ፣ እሁድ መጥቶ ይሞክር፣ ካቃተው የከበሮውን ወንበር ለወጣት እሰጣለሁ አለ። ይቅርብህ ብዬ ለመንኩት።

"ኧርነስቲን፣ ከዚያ ወንበር ካነሱኝ ቀብሬን አዘጋጂ" አለኝ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ቤቱ ጢም አለ። ሳክስፎን ነፊው ዴልማር፣ ያ አፈ ጮሌ፣ የራሱን ወጣት ከበሮ መቺ አስከትሎ መጣ። እኛ ዘንድ ሰው ከመድረክ ሲገፋ አይሰደብም፤ ፈጣን ዜማ ይጠራበታል። ዴልማርም ፈረስ የማይደርስበትን ጠራ። ሉሺየስ ታገለ፣ ታገለና እንጨቱ ከእጁ አምልጦ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ክው አልኩ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ።

"አባባ፣ ደከመዎት? ለልጆቹ ይልቀቁላቸዋ" አለ ዴልማር።

ሉሺየስ እንጨቱን አላነሳም። ከበሮ ማሻ የሽቦ ብሩሾቹን አወጣና፣ ቀጣዩን የምጠራው እኔ ነኝ አለ። ከዚያ መቁጠር ጀመረ። አቤት አቆጣጠር! በአንድና በሁለት መሃል ዓሣ ተጠብሶ ይገለበጣል። በግራው የከበሮውን ቆዳ ያሻል፣ ቀኙ በደረሰ ጊዜ ነካ ያደርጋል፤ ለዚህ ደግሞ ደካማ እጅም ይበቃል። ፍጥነት ጉድ ይሸፍናል፣ እንዲህ ያለው ዝግታ ግን መደበቂያ የለውም። ዴልማር አላስችል ብሎት ምቱን ቀደመ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ቀደመ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ! በመጨረሻ ሳክስፎኑን ከአፉ አውርዶ ቆመ።

"ልጄ፣ ደከመህ እንዴ?" አለው ሉሺየስ፣ እጁን ሳያቋርጥ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አለቀስኩ፤ ዓሣዬም አረረ።

ሃርግሮቭ ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ ስለ ወንበሩ ለማውራት ጉሮሮውን ጠረገ። ያ የዴልማር ከበሮ መቺ እንጨቱን በብብቱ ይዞ አሁንም እንደቆመ ነው።

"ለልጁ ወንበር ስጠው እንጂ" አልኩት። "ከፊት፣ ከሰዉ ጋር። ቁጭ ብሎ ይስማ።"

ሰጠው።