ያልታጠበው ፍላስክ

ቡራዩ ያሉ ጎረቤቶቼ ለማስተርስ ምን እንደማጠና ሲጠይቁኝ «ግራውን ከቀኙ መለየት» ብዬ በመመለሴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ በጠዋት ታክሲ ስጠብቅ የሚያዩኝ ሁሉ «እስካሁን አልለየሽውም?» ይሉኛል። ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን ነገር አንዲት ትልቅ ሴት ከቡራዩ ሰበታ እየተመላለሰች ስትማር በእርግጥ ያስቃል። እኔን ማሳቁን ግን ካቆመ ቆይቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዳንድ የመድኃኒት ሞለኪውሎች እንደ ጫማ ጥንድ ናቸው። የተሠሩበት ነገር አንድ ነው፣ ክብደታቸው አንድ ነው፣ ግን አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ስለሆነ ቢያዞሩት ቢገለብጡት አንዱ በሌላው ቦታ ልክ አይገባም። ሰውነታችን ደግሞ እንደ እግር ነው፤ የግራ ጫማ የሚፈልገው ቦታ ቀኙን አይቀበልም። አንዱ ሲያድን ሌላው ወይ ምንም አይሠራም፣ ወይ ይጎዳል። ፋብሪካ ውስጥ ሲሠሩ ግን ሁለቱም እኩል ተደባልቀው ነው የሚወጡት። የእኔ ሥራ ግራውን ብቻ ነጥሎ ማውጣት ነበር።

መለየት አለመለየቴን የሚነግረኝ ብርሃን በቱቦ ውስጥ የሚያሳልፍ አንድ አሮጌ ፖላሪሜትር ነው። ግራው ብርሃኑን ወደ ግራ ያዞረዋል፣ ቀኙ ወደ ቀኝ። እኩል ሲደባለቁ አንዱ የሌላውን ያጠፋና መሣሪያው ዜሮ ይላል። እኔን ሁለት ዓመት ሙሉ ዜሮ አለኝ። አማካሪዬ የመጨረሻውን ማራዘሚያ ሲፈቅድልኝ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «እስከ ወሩ መጨረሻ ዓርብ ከዜሮ የተለየ ነገር ካላሳየሽኝ ትምህርቱ በዚሁ ያበቃል» አለኝ።

የምሠራበት የመድኃኒት ፋብሪካ ሰበታ ነው፤ ለጥናቴም የላቦራቶሪው ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ፈቅደውልኛል። መብራት ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ውሃ ይሄዳል። ሁለቱም ሲኖሩ ከባድ መኪና በአስፋልቱ ያልፍና ጠረጴዛዬ ይንቀጠቀጣል። ይህን ሁሉ እችለው ነበር፤ ያቃተኝ ከጎኔ የሚሠራው ባልደረባዬ ነው።

ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ተጣልቼው እገላገል ነበር። ደግ ነው፤ ሳይጠሩት የሚያግዝ፣ ሳይጠይቁት ምሳ የሚያካፍል። ዕቃ ግን አያጥብም። የተጠቀመበትን ፍላስክና ብርጭቆ መታጠቢያው ዳር ደርድሮ ይሄዳል። «እጠብ እንጂ!» ስለው «ማሎ እህቴ፣ ነገ» ብሎ ይለማመጠኛል። በዚህ በዕቃ ነገር ያልተጨቃጨቅንበት ሳምንት ትዝ አይለኝም።

እናቱ ሰበታ ውስጥ በጠላቸው የታወቁ ናቸው። አንድ እሑድ ምሳ ጋብዞኝ ቤታቸው ሄጄ ነበር። «አከም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ?» ብለው በኦሮምኛ ደኅንነቴን ጠይቀው፣ እንደ ልጃቸው አቅፈው ሳሙኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት ሰነበቱ እማማ?» ብዬ ሳልቀመጥ ልጃቸው ጠላውን ሊያጠልልልኝ ተነሣ። እጁን እንኳ ሳያይ፣ ከእኔ ጋር እያወራ፣ ኩልል ያለውን ወደ ጆጉ አወረደ፤ አተላውን ጠራርጎ በሬ ለሚያደልቡት ጎረቤት በተቀመጠው ባልዲ ጨመረ። አተላ እዚያ ቤት አይደፋም። ያን ቀን በጣም ነበር ያደነቅሁት።

የመጨረሻው ሳምንት ማክሰኞ ነው ነገሬ የተሳካው። ከወይን የሚገኝ፣ ራሱ አንድ ወገን ብቻ የሆነ አሲድ አለ። እሱን ከድብልቁ ጋር ሳዋህድ ግራው ከአሲዱ ጋር ተጣምሮ ክሪስታል ሆኖ መዝቀጥ፣ ቀኙ ደግሞ ፈሳሹ ውስጥ መቅረት ነበረበት። ለወራት የዘቀጠ ነገር አልነበረም። ማክሰኞ ከሰዓት ግን ፍላስኩ ሥር ነጫጭ፣ ቀጫጭን ክሪስታሎች አየሁ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። እስኪነጋ ይብዛልኝ ብዬ ተውኩት። ከዚያ በላይ ከቆየ ቀኙም ተከትሎ ስለሚዘቅጥ ረቡዕ በጠዋት መጣራት ነበረበት።

ረቡዕ ጠዋት ቡራዩ ላይ ታክሲ የሚባል ነገር ጠፋ። ነዳጅ ሰልፍ ላይ ናቸው ተባለ። ሰዓቱ ሲሄድብኝ ባልደረባዬ ጋ ደወልኩና ፍላስኩን እንዲያጣራልኝ ለመንኩት። «ሐሳብ አይግባሽ እህቴ» አለኝ። እኔም ሐሳብ አልገባኝም።

ስደርስ ጠረጴዛዬ ላይ አፉ በፎይል የተሸፈነ ጠርሙስ ቆሟል። «ንጹሕ» የሚል ተለጥፎበታል። ውስጡ ኩልል ያለ ፈሳሽ ነው።

«ክሪስታሉስ?» አልኩት።

«የቱ?» አለ። መጀመሪያ ጠርሙሱን አየ፣ ቀጥሎ እጆቹን አየ። ፊቱ ሲለዋወጥ ነው የገባኝ።

«ደፋኸው?»

«ኧረ አልደፋሁም! እንዴት እደፋዋለሁ?» ብሎ ጭራሽ ተቆጣኝ። ያልተሳኩትን ድብልቆች የማጠራቅምበትን ትልቁን ጠርሙስ አሳየኝ። «እዚያ ጨምሬልሻለሁ።»

«አማስለኸዋል?»

«ትንሽ» አለ።

ኬሚስትሪ ተምሯል እኮ! በውጤት ከእኔ ይበልጥ ነበር። አእምሮው የሚፈለገው ዝቃጩ መሆኑን ያውቃል፤ እጁ ግን የተማረው እናቱ ቤት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የለመንኩትን ግራ መልሶ ከቀኙ ጋር ቀላቀለብኝ። ጮህኩ። የማይባል ተናገርኩ። ዘበኛው በበሩ ብቅ ብሎ አየንና ተመልሶ ሄደ። ከትልቁ ጠርሙስ ትንሽ ወስጄ፣ ከአሲዱ አላቅቄ ለካሁ፤ ዜሮ። ያኔ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እኔ ስናደድ ዕቃ አጥባለሁ። ተነሥቼ እሱ የደረደረውን ሁሉ ሰበሰብኩ፤ የእኔም ፍላስክ እንደ ልማዱ ሳይታጠብ እዚያው ቆሟል። ቧንቧውን ከፈትኩ። ውሃ የለም። የቀረኝን እርግማን ለውሃው ላወርድ ፍላስኩን ከፍ ሳደርገው በመስኮቱ ብርሃን የፍላስኩ የውስጥ ግድግዳ ላይ ነጭ ነገር አየሁ። የደረቀ የክሪስታል ቅርፊት ነበር፤ ጥፍር አያህልም።

ክሪስታል መጀመር ነው የሚያቅተው። አንዴ የራሱን ዘር ካገኘ እንደ እርሾ ነው፤ መሰሎቹን ይሰበስባል። ከትልቁ ጠርሙስ ቀድቼ አሞቅሁ፤ ቅርፊቱን እንዳያሟሟብኝ ለብ እስኪል ጠበቅሁና በቀስታ እዚያው ቆሻሻ ፍላስክ ውስጥ ጨመርኩት። ባልደረባዬ ትንፋሹን ውጦ ያያል። «አንተ ወዲያ!» አልኩት። ሄዶ ጥግ ላይ ተቀመጠ።

ሐሙስ በጠዋት የፍላስኩ ሥር ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። ራሴ አጣራሁት። እሱ እጆቹን ጋውኑ ኪስ ውስጥ ከትቶ ከሩቅ ቆመ፤ አውጣ አላልኩትም። ዓርብ ከአሲዱ አላቅቄ ቱቦው ውስጥ ጨመርኩ። መብራት እንዳይጠፋ የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠራሁ። ቁጥሩ ከዜሮ ተነሥቶ ወደ ግራ ሄደ። አላመንኩትም። ቱቦውን አውጥቼ፣ ጠርጌ፣ መልሼ አስገባሁት። አሁንም ግራ ነው።

ፎቶ አንሥቼ ለአማካሪዬ ላክሁለት። «ይበቃል፤ ጽፈሽ ጨርሺ» ብሎ መለሰልኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ከደስታ ይልቅ ድካም ነበር የተሰማኝ።

ባልደረባዬ ቀስ ብሎ መጣ። አጠገቤ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ» አለኝ፣ «ዛሬ ውሃ አለ። ፍላስኩን ልጠብልሽ?»

አብረን ስንሠራ እንዲህ ብሎ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር።

«እንዳትነካው!» አልኩት።