ሁለት ጥቅል ይበቃል ያልኩ ቀን

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ማህሌት በቴሌግራም መልእክት ላከችልኝ። ለሰርጓ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ኢንዱስትሪ ፓርክ ካለው ቢሮዋ ሆና፣ በምሳ ሰዓቷ ይመስለኛል፣ ወገብ ድረስ የሚወርድ ጸጉር ፎቶ ልካ ከሥሩ እንዲህ ጽፋለች፦ «አክስቴ፣ የማሰፋው ጸጉር ይሄ ነው። ስንት ጥቅል ልግዛ? እማዬ ሁለት ይበቃል፣ ለኔም በቅቶኛል አለችኝ። እስቲ አንቺ የሒሳብ አስተማሪዋ አስቢልኝ።»

የተማሪ ፈተና እያረምኩ ነበር። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ብቻዬን ስስቅ ጎረቤቴ ሰምታ በአጥሩ በኩል «ምን አገኘሽ?» አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? እህቴ ሒሩት ለሰርጓ የገዛሁላት ሁለት ጥቅል ጸጉር በቅቷት እንደተዳረች ታምናለች። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አምናለች። አልበቃትም ነበር። አለመብቃቱም የኔ ሥራ ነበር።

ያኔ አስራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ አስራ አንደኛ ክፍል። ሒሳብ እችል ነበር፤ ይባስ ብሎ መቻሌን ሰው ሁሉ እንዲያውቅልኝ እፈልግ ነበር። እናቴ እንግዳ ጠርታ ስንት ሽንኩርት እንደምትልጥ ስታስብ፣ እኔ በሰው ቁጥር አባዝቼ እነግራታለሁ፤ ማንም ግን አልጠየቀኝም። አባቴ ምድር ባቡር የሠራ ዝምተኛ ሰው ነበር። ከመነጽሩ ሥር አየት አድርጎኝ «ይቺን ልጅ አንድ ቀን ቁጥር ይጥላታል» ይላል። የአባቴ ቃል መሬት ጠብ አላለም።

ሒሩት በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። ድሬዳዋ ውስጥ የሰፈራችን የከዚራ ሰው በጸጉሯ ነበር የሚያውቃት። ማታ ማታ ነፋስ ለመቀበል በዛፎቹ ሥር ስንሄድ ከኋላችን «ይህች የማን ልጅ ናት?» ሲባል እሰማለሁ፤ እኔም ከሙገሳው ትንሽ የሚደርሰኝ እየመሰለኝ ቀና ብዬ እራመድ ነበር። ከዚያ በጥር ታይፎይድ ያዛት። ሁለት ሳምንት ተኝታ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተነሳች። ጸጉሯ ግን ትራሷ ላይ እየቀረ፣ በማበጠሪያው እየወጣ አለቀ። ሐኪሙ «ይመለሳል» አላት። እውነቱን ነው፣ መመለስ ጀምሮ ነበር፤ ሰርጉ ግን ለዳግም ትንሣኤ እሑድ ተቆርጧል፣ ጸጉር ደግሞ የሰው ቀጠሮ አያከብርም። ፋሲካ ሲደርስ ሹሩባ ለመያዝ ያህል ብቻ አድጎ ነበር።

ሦስት ወር ሙሉ ሻሽ ከራሷ አልወረደም፣ ስትተኛም ጭምር። የማታው ሽርሽር ቀረ። አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ለእናታችን «በዚህ ራስ ሰው ፊት አልቆምም። ሻሽ አስሬ የምዳር ከሆነ ሰርጉ ይቅር» ስትላት ሰማሁ። ቀልድ አልነበረም። እናቴ በሽንኩርቱ አሳብባ አለቀሰች።

መላውን ያመጣችው መጋላ ሰፈር ያለችው ጸጉር ሠሪ ፋጡማ ናት። ሰፈሩ ሁሉ በሶማሊኛ «ኤዶ» ይላታል፣ አክስቴ እንደማለት። ዕድሜዋ ከእናቴ አያንስም፤ እዚህ «አለች» እያልኩ ስጽፍ ግን ከንቀት እንዳይቆጠርብኝ። በድሬ ሰው አንቱ ከተባለ የተኮረፈ ይመስለዋል።

ያን ጊዜ ጸጉር ማሰፋት ለከተማችን አዲስ ነገር ነበር። ኤዶ ፋጡማ እንዲህ አስረዳችን፦ ያለው አጭር ጸጉር መጀመሪያ ሹሩባ ይሠራል። የሚገዛው ጸጉር ደግሞ እንደ መጋረጃ ከላይ በቀጭን ጠርዝ ላይ ተሰፍቶ፣ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ያ ጠርዝ በቆልማማ መርፌ ሹሩባው ላይ ይሰፋል። ስንት እንደሚገዛ ለማወቅ በየሹሩባው ላይ ክር ይዘረጋና የክሩ ርዝመት ይደመራል። «ከዚያ ላይ አንድ ጥቅል ጨምሪበት» አለች። ይህን የመጨረሻውን በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት።

ሹሩባውን እሷ ሠርታልን ልኩን ግን ለኔ ተወችው፤ ተዪልኝ ስላልኳት ነው። ሒሩት በሩን ዘግታ ሻሿን ፈታች። ክሩን በራሷ ላይ ስዘረጋ ዓይኗን ጨፍና «ወገቤ ድረስ ነው የምፈልገው» አለችኝ። «እንደ ድሮው። እንደ ድሮዬ ሆኜ ብቻ ልውጣ።»

«ምንም አታስቢ» አልኳት። ክሩን ሁሉ ደምሬ በክንዴ ለካሁት፤ አስራ ሁለት ክንድ ሆነ።

ታይዋን ገበያ ከጅቡቲ ጸጉር የሚያመጣ ነጋዴ ነበር። ለማሳያ የተፈታውን ጥቅል አንስቼ ጠርዙን ለካሁ፤ ስድስት ክንድ። አስራ ሁለት ለስድስት ሲካፈል ሁለት፤ የልጅ ሒሳብ ነው። ማሳያው ትከሻ ድረስ ብቻ የሚደርስ አጭር ጸጉር መሆኑን አይቻለሁ። ቁመቱ ሌላ፣ ጠርዙ ሌላ፣ ምን አገናኛቸው ብዬ አለፍኩት። «ወገብ ድረስ ከሚወርደው ሁለት ስጠኝ» አልኩት።

«ለሱ ሦስት ውሰጂ» አለኝ። «የቀረኝም ሦስት ነው። ጅቡቲ ደርሼ እስክመለስ ሌላ የለም።»

«ሁለት ይበቃል። ለክቼዋለሁ።»

«አቦ፣ ቲማቲም አይደለም እኮ፣ ቢተርፍ አይበሰብስብሽም።»

ነጋዴ መቼም ሦስት ከማለት አይቦዝንም ብዬ ስሌቱን የጻፍኩበትን ወረቀት አውጥቼ አሳየሁት። ተመለከተውና «ማሻአላህ» ብሎ ሁለቱን ጠቀለለልኝ። ሦስተኛውን ከቢዮ አዋሌ መጥታ አጠገቤ የምትጠብቅ ሴት ወዲያው አነሳችው። ኋላ ላይ ሰውየውን፣ ምናለ ቢያስረዳኝ ብዬ አምቼዋለሁ። ለማን ያስረዳ?

የሰርጉ ዋዜማ ቅዳሜ ጠዋት ኤዶ ፋጡማ ቤት ሄድን። ቆርቆሮው ገና በማለዳ ይንጣጣል። ሒሩት ምንጣፉ ላይ ፊቷን ወደ ማራገቢያው፣ ጀርባዋን ወደኛ አድርጋ ተቀመጠች፤ ጭኗ ላይ አንድ ሳህን ዘይቱን አስቀመጥንላት፣ ክፍሉ ሁሉ ዘይቱን ዘይቱን ሸተተ። ኤዶ ፋጡማ ከማጅራት ጀምራ ወደ ላይ ትሰፋለች። እያንዳንዱ መስመር ወደ ወገብ ሲወርድ እኔ የፈጠርኩት ይመስል ልቤ ያብጣል።

ስድስት ሰዓት ገደማ ሁለተኛው ጥቅል እጇ ላይ አለቀ። አናቱ እንዳለ ባዶ ነው። እጇን ወደ ፌስታሉ ሰደደች፤ ወረቀት ብቻ። ወደኔ ዞራ ሁለት ጣቷን አወጣች፣ «ሁለት ብቻ?» ብላ በዓይኗ እየጠየቀች። ራሴን ነቀነቅሁ። የቀረችውን የጠርዝ ቁራጭ አንስታ፣ ከሷ የወረደውን ጸጉር ርዝመት በጣቷ አሳይታኝ፣ ከንፈሯን ነከሰች።

ያኔ ገባኝ። ጥቅሎቹ የሚታሸጉት በሚዛን ነው፣ የሁሉም ክብደት እኩል ነው። ስለዚህ ጸጉሩ በረዘመ ቁጥር ጠርዙ ያጥራል፤ ከአንድ ቁራጭ ጨርቅ የሚወጣ መጋረጃ ወደ ታች ካስረዘሙት ወደ ጎን እንደማይበቃው ማለት ነው። የረጅሙ ጠርዝ ስድስት ሳይሆን አራት ክንድ ብቻ ነበር። የእህቴ ራስ አንድ ሦስተኛው ጎደለ፣ ነገ ሰርግ ነው፣ ያ ጸጉር ከተማው ውስጥ የለም።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለች ሒሩት ሳትዞር።

«ጸጉሩን እያየሁት ነው» አለች ኤዶ ፋጡማ። ድምጿ ንቅንቅ አላለም። «ረዝሟል። በዚህ ሙቀት፣ ከቬሎው ጋር፣ ላብ ይዞ ጀርባሽ ላይ ይለጠፋል። ትከሻሽ ላይ ላሳርፍልሽ።»

«ወገቤ ድረስ ነው ያልኩት እኮ።»

«ነገ ሰው የሚያይሽ ከፊት ነው ከኋላ?»

«ከፊት።»

«እንግዲያስ። ፊት የሚያምረው ትከሻ ላይ ሲያርፍ ነው። ወላሂ፣ ለልጄም እንደዚሁ ነው የምሠራላት።»

ሒሩት ዘይቱኗን እያኘከች አሰበችበት። «ካልሽ እሺ» አለች በመጨረሻ።

ኤዶ ፋጡማ ከመቁረጧ በፊት ጫፉን በትንሽ በትንሹ በክር አሰረችው፣ እንዳይደበላለቅ። የተቆረጠውን እጄ ላይ እየደረደረች ጨረሰችና ሒሩትን «አሁን ጋደም በይ፣ ሲበርድ እንቀጥላለን» አለቻት። ከዚያ እኔን ወደ በሩ ጎተተችኝ። «ልብስ ሰፊው ሙሜ ጋ ሩጪ። ይህን በመኪና ሰፍቶ ጠርዝ ያውጣለት። አራት ክንድ ነው የጎደለን። በሱ ክንድ ይሁን፣ በአንቺ እንዳይሆን።»

በድሬ ከቀትር እስከ አስር ሰዓት ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ይተኛል ወይም ይቅማል፣ ውሻ እንኳ ጥላ ይዞ አይነሳም። መንገዱ ላይ የነበርነው እኔና ፀሐይዋ ነን። ሙሜ የስፌት መኪናውን ሸፍኖ፣ በረንዳው ላይ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በርጫ ይዟል፤ ጫቱ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ መሃላቸው ተቀምጧል።

«ከአስር በኋላ ነይ» አለኝ ገና ሳልናገር።

ፌስታሉን ከፈትኩለት። አጎንብሶ አየ። «የማን ፈረስ ጭራ ነው?»

«የእህቴ ነው» አልኩና ማልቀስ ጀመርኩ። ታይፎይዱን፣ ሻሹን፣ የነገውን ሰርግ፣ ስድስት ክንዱን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። አራቱም ማኘክ አቆሙ። ሙሜ ጫቱን ገፋ አድርጎ እጁን ታጠበና የመኪናውን ሽፋን አነሳ። «ሱሪ ሰፍቻለሁ፣ ድንኳን ሰፍቻለሁ» አለ። «ጸጉር ግን ሰፍቼ አላውቅም። አምጪው እስቲ።»

የኮት ገበር በቀጭኑ ቀደደና ጸጉሩን በላዩ ለመስፋት ሞከረ። ጸጉሩ እየተንሸራተተ አልያዝ አለው። ይህን ጊዜ ጓደኞቹ ተነሱ። አንዱ ጫፉን ያስተካክላል፣ አንዱ በሁለት ጣቱ ይዞ ከመርፌው ሥር ያቀብላል፣ ሦስተኛው ነፋስ እንዳይበትነው በጋዜጣ ይከልላል። የመረቀነ ሰው ለጥቃቅን ሥራ ምን ያህል ትዕግሥት እንዳለው ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አንዲት ዘለላ ወጣ ካለች «ቆይ፣ ቆይ፣ አልተስተካከለችም» ብለው መኪናውን ያስቆማሉ። ሙሜ ሦስት ጊዜ ደርቦ ሰፋው። ሲጨርስ በክንዱ ለካ፤ አራት ክንድ ከስንዝር። ስንዝሯን ሊቆርጣት መቀስ ሲያነሳ «ተዋት፣ ትትረፍ» አልኩት። በሕይወቴ እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነበር።

ስወጣ ሙሜ በስኳር የራሰ ሙሸበክ በወረቀት ጠቅልሎ «ለሙሽራዋ» ብሎ ሰጠኝ። መንገድ ላይ በላሁት። ያን ቀን ከኔ ይልቅ ጣፋጭ የሚያስፈልገው ሰው ድሬዳዋ ውስጥ አልነበረም።

ሒሩት ስትነቃ ኤዶ ፋጡማ የሙሜን ጠርዝ አናቷ ላይ እየሰፋችላት ነበር። አስራ አንድ ሰዓት ላይ መስታወት ሰጠናት። ራሷን ወደ ግራ አወዛወዘች፣ ወደ ቀኝ አወዛወዘች፣ ጸጉሩ ተከተላት። ከዚያ ሻሿን ከምንጣፉ ላይ አንስታ አጣጠፈችና ለኤዶ ፋጡማ «ለመሶብ መሸፈኛ ይሁንሽ» ብላ ሰጠቻት። ወደ ቤት በጋሪ ስንመለስ ባለ ጋሪውን በከዚራ በኩል አድርገን አለችው። ሦስት ወር ያልሄደችበትን መንገድ ራሷን ገልጣ፣ እየሳቀች አለፈችበት። እኔ ደስታው አልቻልኩትም፤ ሁለተኛ አለቀስኩ፣ እሷም ሰርግ ያስለቀሰኝ መሰላት።

ሰርጉ አማረ። በጭፈራው መሃል አንዳንድ ዘለላ እየወጣ በሙሽራው ጥቁር ኮት ላይ ያርፋል፤ ሚዜ ነኝና እየተከታተልኩ ስለቅም ዋልኩ። የሙሽራው እናት «ምን ያለች ጥንቁቅ ልጅ ናት» ብላ አመሰገነችኝ።

ባለፈው እሑድ እንግዲህ ሒሩት ቤት ሄድኩ። ለማህሌት መልስ ከመስጠቴ በፊት እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ሁሉንም ነገርኳት።

«በኮት ገበር?» አለች።

«በኮት ገበር።»

«ጫት እየቃሙ?»

«አቁመው ነው የሰፉት።»

እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቆይታ «ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?» አለችኝ።

«ሻሽሽን መልሰሽ ታስሪያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ሳቋ ቆመ። «መልሼ አስር ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እግዜር ይስጣቸው።»

ኤዶ ፋጡማ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ሙሜ አለ፤ ዓይኑ ቢደክም መኪናውን ለልጁ ለቀቀ። እኔ የሰው ስህተት ሳርም የምውል ሰው ሆኛለሁ፤ ተማሪ ሲሳሳት በቀይ አሰምርበታለሁ፣ ሥራዬ ነው። የኔን ስህተት ግን ማንም አላሰመረበትም። አንዷ ዋሸችልኝ፣ አራቱ ዕረፍታቸውን ትተው ሰፉልኝ፣ እህቴም ራሷን ገልጣ ተዳረች። ሳስበው እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፣ ያሳፍረኛልም።

ሒሩት እንባዋን ጠርጋ ስልኳን አነሳችና ለልጇ በድምፅ ላከችላት፦ «ማሂ፣ ሦስት ግዢ። አራተኛ ካገኘሽም አትተዪው። አክስትሽን ብቻ ገበያ እንዳትልኪያት።»