በማርያም ቀን የተራገፈ ሰሊጥ

ነገሩ ያስከፈለኝ አንድ ሰው ነው፤ ይርጋን። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ገንዳ ውሃ ላይ ነጋዴዎችን ሰብስበው ሲያሠለጥኑን፣ አንድ ሸጋ ልጅ «ሰው ሁሉ የየራሱ ትልቅ ነገር አለው፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። ስለዚህ ሁሉም የመሰለውን ይምረጥ» አለን። ተጨበጨበ። እኔ «ስለዚህ» የምትለዋን ስሰማ ኪሴን መዳበስ ልማዴ ነው።

በጎረምሳነቴ ከይርጋ ጋር ሽንፋ አጠገብ መሬት ተከራይተን፣ ሠራተኛ ቀጥረን ሰሊጥ እንዘራ ነበር። አባቱ ከጎጃም የወረዱ፣ እሱም እንደ አባቱ በዓል አክባሪ። ጥቅምት ላይ ሰሊጡ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ በምንለው ክምር ቆሞ፣ አፉን ከፍቶ መራገፍ ሲጠብቅ ያለወትሮው ደመና መጣ። ዝናብ ከነካው ይጠቁራል። ማግስቱ ደግሞ ማርያም ነበረች።

«ነገ እናራግፈው» አልሁት፣ የማሽላ ገንፎ እየበላን።

«በማርያም? አብደሃል እንዴ?»

«እሷስ ዝናብ ሲመታን ማየት ትወዳለች?»

«ሰሊጥ በኪሎ ይመዘናል፤ ማርያምን በምን ልትመዝናት ነው፣ አንተ ነጋዴ?»

ወደ ገንፎዬ ተመለስሁ። የዚህን መልስ እስካሁንም አላገኘሁም።

የጎረቤታችን ባለሀብት እርሻ ወኪል፣ የተማረ ሰው፣ የከርከዴ ሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ መጥቶ ዳኘን። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የፈለገ ሠራተኛ ይሥራ፣ የፈለገ ያክብር። እኔ አልወግንም።»

እኔ ደስ አለኝ። ይርጋ ሳቀ። «ጌታዬ፣ በዓል እኮ በግል አይከበርም። ሁሉ ሲሠራ ብቻዬን ብቀመጥ ሰነፍ እባላለሁ እንጂ አክባሪ እባላለሁ? ፈርደውብኝ ሲያበቁ አልወግንም ይላሉ!»

በእኛ ቆላ በዓል መሻር የሚከብደው ለመጀመሪያው ሰው ነው። ነውሩን እሱ ይሸከማል፤ ተከታዩ «አይቼ ነው» ብሎ ይገባል።

ጠዋት ከሠራተኛው ግማሹ መጣና አራገፍን። ነዶው ሸራው ላይ ሲገለበጥ ፍሬው እንደ ካፊያ ይንሿሿል። ረፋዱ ላይ የወኪሉ ትራክተር ከማዶ ተነሣ። ለካ የእሱም ሂላ አፉን ከፍቶ ኖሯል፤ ሠራተኞቹ ግን ቀድሞ የሚሽር ሰው እየጠበቁ እምቢ ብለውታል። ወኪሉ ቀዳሚ ፈልጎ ነበር፤ እኔን አገኘ።

ዝናቡም ቀረ። ይርጋ ልብሱን ጠቅልሎ ወደ ገለጉ ከተማ ሲነሣ «አልፈርድብህም» አለኝ፤ «ግን ካንተ ጋር አልዘራም።»

ሁሉ ነገር በአንድ ሚዛን እንደማይመዘን ያ ሸጋ ልጅ ሳይነግረኝም አውቃለሁ። ግን ነፃ ምርጫ የሚሉትም ከሚመዘኑት አንዱ ነው እንጂ ሚዛኑን የሚይዝ እጅ አይደለም። «ስለዚህ» ለሚለኝ ሰው የራሱ ሂላ የት እንደቆመ ሳላይ አላጨበጭብም።

ሰሊጡ ደርቆ ገባ። ይርጋ አልተመለሰም።