የታርየይ ተኩስ ከማዶ ሲሰማ

ተራ የሚባለው ቀን ለጉንቮር በርካሽ አያልፍም። ጠዋት የባሏን የቀኝ እጅ ጣቶች አንድ በአንድ እያፍታታች ስታሽ የራሷ አውራ ጣት ይከፍላል። ካልሲውን ስታጠልቅለት ወገቧ ይከፍላል። «ተይው፣ ራሴ እለብሳለሁ» ያላት ቀን ደግሞ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አለ። ከሁሉም የሚወደደው ይሄኛው ነው፤ ትዕግሥት በዚያ ቤት ዱሮም ተርፎ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ምድር ቤት ወርዳ የተኩስ ክበቡን ጥይት ስትሞላ ተራው የዓይኗ ይሆናል። ማታ ላይ ይህ ሁሉ ተከፍሎ ሲያልቅ ምንም ያልወጣበት ጆሮዋ ብቻ ይቀራል። እሱም ቢሆን ከበረዶው ወራት መግቢያ ጀምሮ የሚፈልገውን አጥቶ ሥራ ፈትቶ ነበር።

ጆሮዋ የሚፈልገው የባሏን የታርየይን ተኩስ ነው።

ቤታቸው ኡላዳል ሸለቆ ከወንዙ ወዲህ ነው፤ የተኩስ ሜዳው ከወንዙ ወዲያ፣ ዳገቱ ላይ። ታርየይ አናጢ ነበር፣ እሷ የተማሪ ቤት አውቶቡስ ነጂ። ከተጋቡ ጀምሮ እሮብ እሮብ አመሻሽ ላይ እሱ ጠመንጃውን አንግቶ ድልድዩን ይሻገራል፣ እሷ ልብስ እያሰጣች ታዳምጣለች። የሌላው ሰው ተኩስ ቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወድቅ ድንጋይ ነው፤ መጣ፣ ሄደ። የታርየይ ግን መልክ ነበረው። አንድ ይተኩሳል፤ ሰው ረጋ ብሎ አንድ ትንፋሽ የሚስብበትን ያህል ዝም ይላል፤ ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። አንዳንዴ ልብስ መቆንጠጫውን በጥርሷ እንደያዘች አብራው ስትተነፍስ ራሷን ታገኘው ነበር። ድንች የምትጥደውም በዚያው ነው፤ የመጨረሻዋን ሰምታ ከጣደች፣ እሱ ድልድዩን ተሻግሮ ጫማውን እስኪያወልቅ ድንቹ ይበስላል።

ባለፈው ኅዳር ታርየይ የወለል ሳንቃ እየላገ ሳለ መላጊያው ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ሲያጎነብስ ራሱም ወደቀ። ከሆስፒታል ሲመለስ አንደበቱ ተርፎለታል፤ የቀኝ እጁ ግን ጨርቅ ሆኗል፣ የቀኝ ዓይኑም ግማሹን ዓለም አያየውም። ጠመንጃው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተቆለፈበት። እሮብ ሲመጣ ከማዶ የሌሎቹ ተኩስ መሰማቱ አልቀረም፤ ጉንቮርም ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች።

«ለምን ዘጋሽው?» አላት ታርየይ።

«ይበርዳል።»

«ውሸታም።»



ጥይት መሙላት የጉንቮር ሥራ የሆነው ታርየይ መመዘን ስለሚሰለቸው ነው። የተተኮሰውን ቀለህ ሰብስባ ታጥባለች፣ አፉን በጥፍሯ እየዳሰሰች ስንጥቅ ያለበትን ትጥላለች፣ ከቂጡ አዲስ መለኮሻ ትተክላለች፣ ባሩዱን መዝና ታፈሳለች፣ አረሩን ከላይ ትጭናለች። ባሩድ በምትመዝንበት ሰዓት በር መክፈት ክልክል ነው፤ ትንሽ ነፋስ ከገባ ሚዛኑ ይዋሻል። ደግሞ እያንዳንዱ ጠመንጃ የራሱ ሆድ አለው። አንዱ አረሩ ጠልቆ ሲቀመጥለት ይወዳል፣ ሌላው ወጣ ሲል። የጎረቤታቸው የሃልቫርድ ጠመንጃ እንደ ባለቤቱ ያገኘውን ይበላል። የታርየይ መራጭ ነው፤ የሚስማማውን እስክታገኝለት ድረስ ስንት ዓመት ፈጅቶባታል።

ጥር ላይ አንድ ቀን ያንን መራጭ ጠመንጃ ምድር ቤት አወረደችው። ሰደፉ ላይ ያለውን የጉንጭ ማሳረፊያ ፈትታ በወዲያኛው በኩል ገጠመችው። የመዝጊያው እጀታ ለደካማ እጅ እንዲመች ከበርች ዛፍ እንጨት ድቡልቡል መያዣ ቀርጻ ሰካችበት። ጥይቱንም ግራ ትከሻ ምት አልለመደምና ለስለስ አድርጋ ሞላችው። ከዚያ አምጥታ ፊቱ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጠመንጃህ ነዋ። አላወቅከውም?»

«ጉንጩን ምን አድርገሽ ነው ያዞርሽው?»

«አንተም ዞረሃል።»

 «ግራዬ እኮ ሹካ እንኳ በወጉ አይዝም» አለ ታርየይ።

«ሹካ ያዝ ያለህ ማነው?»

ከዚያ ወዲያ ባዶውን ጠመንጃ ይዞ ሳሎን ወለል ላይ በደረቱ እየተኛ የግድግዳውን ሳንቃ ጉጥ ሲያነጣጥር ይውል ጀመር። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ሌላ ጥይት ለማጉረስ መዝጊያውን መሳብ ነው ጣሩ፤ እጀታው በቀኝ በኩል ነዋ። የቀኝ እጁ ድቡልቡሉን አግኝቶ፣ ጨብጦ፣ ስቦ፣ መልሶ እስኪገፋ ጉንቮር ሽንኩርት ከትፋ ትጨርሳለች። ሰው በሌለበት ሰዓት ሃልቫርድ ማዶ ወስዶ አስተኮሰው፤ ማነጣጠሪያውን ለግራ ዓይኑ አስተካከሉት፤ ዒላማም መታ። ግን ብቻ መሆን ሌላ፣ ሰው ፊት ሌላ ነው። አንድ ቀን እራት ላይ ታርየይ እንዲህ አለ፦

«እሑድ ለበረዶው ውድድር እወጣለሁ። የመጀመሪያዋ ጥይት ካልገባች ግን ጠመንጃውን ለክበቡ እሰጣለሁ። አንቺም ሁለተኛ አታነሺብኝም። ተስማማን?»

በዚያ ውድድር የሙከራ ጥይት የሚባል የለም። ዒላማዎቹ ጥቋቁር ቅርጾች ናቸው፤ በየጫካው ተተክለው ይጠብቃሉ፤ ተኳሹ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እየሄደ የተሰጠው ሰዓት ሳያልቅ ይተኩሳል። የመጀመሪያዋም ትቆጠራለች። ጉንቮር ይህን ታውቃለች። የተሻለ ነገር ግን አልቀረበላትም።

«ተስማማን» አለች።

እሑድ ፀሐይ ወጥቶ በረዶው ዓይን ያጭበረብር ነበር። ታርየይን ከመኪናው አውርዳ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ወንበር አስቀምጣ ከኋላ በረዶውን በእግሯ እየረገጠች ገፋችው። የታርየይ እናት አስላውግም «እኔ ሳላይ?» ብለው መጥተው፣ መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንበው ዋፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣ በቡናማ አይብ እየበሉ ቀሩ። ሃልቫርድ ገና ከሩቅ አያቸው።

«ኧረ ታርየይ! ባለ ሠረገላ ሆንክ?»

«የሚገፋህ ብታገኝ አንተም ትሆን ነበር።»

የመጀመሪያው ቦታ ላይ በደረቱ ተኛ። ዒላማው ከአንዲት ረባዳ ቦታ ማዶ በበርች ዛፎቹ መካከል ነበር። «ተኩስ!» ሲባል ሌሎቹ ተንጣጡ። ታርየይ ቆየ። ጉንቮር ከኋላው ቆማ ትንፋሿን ያዘች፤ በዚያ ሰዓት አንድ ቃል ለተኳሽ መናገር ነውር ነው። ከዚያ ጠመንጃው ጮኸ። ከአፈሙዙ ሰማያዊ ጭስ ቦለል ብሎ ወጣ። ከዒላማው በላይ በረዶው ቡን አለ።

ታርየይም በረዶው ቡን ሲል አየ። ጉንጩን ከሰደፉ አነሳ፣ ጠመንጃውን አስተኛ፣ ሰዓቱ እስኪያልቅ ሌላ አልተኮሰም።

«ድንበር ተሻግራ ስዊድን ደርሳለች» አለ ሃልቫርድ ቀስ ብሎ። ማንም አልሳቀም።

ጉንቮር ደግፋ ስታነሳው በጆሮው «ታርየይ፣ ጭሱን አይቻለሁ» አለችው። «አፈሙዙ ውስጥ ዘይት ነበር።»

«ተይኝ፣ ጉንቮር። ሕፃን አይደለሁም።»

«ስምህን እየጠራሁ ልማልልህ?»

«ማን ይቀባዋል ዘይት? አንቺ ነሽ የምትቀቢው?»

 በዚያ ሸለቆ ከውድድር በፊት አፈሙዝ የሚነካ ሰው የለም። ማነጣጠሪያው ሲስተካከል አፈሙዙ ውስጥ የነበረው የባሩድ እድፍ ሳይነካ ይኬዳል፤ በዘይት ላይ የምታልፍ የመጀመሪያ ጥይት የት እንደምትገባ አይታወቅም። ይህን ትንንሽ ልጆች ሳይቀሩ ያውቁታል። እንግዲያ ማን? ምናልባት ጭሱን ያየችው ለማየት ስለፈለገች ይሆናል ስትል ራሷን ጠረጠረች። ወንበሩን አዙራ ወደ መኪናው ትገፋው ጀመር። ሃልቫርድ ጠመንጃውን ይዞ ከኋላ ተከተላቸው። ታርየይ አንገቱን አቀርቅሯል፤ የቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተዘርግቶ የሌላ ሰው ይመስላል።

አስላውግ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረጉ። «አለቀ? እንዲህ በአንዴ?»

«ሳትኩ፣ እማዬ።»

«እንዴት ትስታለህ? እንደዚያ አጽድቼልህ!»

ታርየይ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ምን አደረግሽ?» አለ ታርየይ።

«አጸዳሁልህ እንጂ ምን አደረግሁ? ትናንት ጉንቮር ሱቅ ስትወጣ፣ አንተም ስታሸልብ፣ ቁልፉን አንስቼ ከቁም ሣጥኑ አውጥቼ ባየው ውስጡ ጭስ ማውጫ መስሏል! አባትህ ቢያይ ምን ይል ነበር? እንዲያ ያደፈ ነገር አስይዤ ሰው ፊት ልላክህ? በጨርቅ ወለወልኩት፣ በዘይትም አሸሁት። ደግሞ ርካሽ ዘይት እንዳይመስልህ፤ የስፌት መኪናዬን ነው።»

ሃልቫርድ ወንበሩን ይዞ ተንፈቀፈቀ። የታርየይ አገጭ ተንቀጠቀጠ። ጉንቮር ሊያለቅስ ነው ብላ ደንግጣ ጎንበስ አለች፤ እሱ ግን የሚታዘዝለት ግማሽ ፊቱ እስኪጣመም እየሳቀ ነበር። ከኅዳር ወዲህ ሲስቅ አልሰማችውም።

«እማዬ፣ የቤተ ክርስቲያን ሸሚዝ መሰለሽ እንዴ?»

«ምን ልዩነት አለው? ሁለቱም የእሑድ ነው።»

«ታዲያ ያቺ ጥይት የማን ሆነች?» አለ ሃልቫርድ እንባውን እየጠረገ።

ታርየይ ግራ እጁን ለጠመንጃው ዘረጋ። «የእናቴ ናት» አለ። «እኔ ገና አልተኮስኩም።»

ወደ ሁለተኛው ቦታ የገፋው ሃልቫርድ ነው። ጉንቮር እዚያው ከበርቾቹ ወዲህ ቀረች፤ ማየት አልፈለገችም። ፊቷን ወደ ሸለቆው መልሳ ቆመች። ሌሎቹ ተንጣጥተው ሲያባሩ አንዲት ጥይት ተሰማች። ከዚያ ዝም። እሷ አንዴ ተነፈሰች፣ ሁለት ጊዜ ተነፈሰች፤ ዝም ነው። ተወው፣ አለች በልቧ። ጓንቷን አውልቃ አፏ ላይ ያዘች። ተስፋዋ ሊያልቅ ሲል ሌላዋ መጣች። ከዚያም ረጅም ዝምታ፤ ከዚያ ሌላ። የተሰጠውን ጥይት ሁሉ ሳይተኩስ ሰዓቱ አለቀበት፤ የተኮሳቸው ግን ሁሉም ገብተዋል።

የድሮው ተኩስ አልነበረም። ከኅዳር ጀምሮ ስትናፍቅ የከረመችው አንድ ትንፋሽ የምታህለውን ዝምታ ነበር፤ አሁን የመጣው ሰው ድንች ልጦ የሚጨርስበት ዝምታ ነው። ያንን አልዋሸችም፣ ለራሷም ለእሱም። «እንዴት ነበር የሚሰማው?» ብሎ ሲጠይቃት «ሽማግሌ ደረጃ ሲወጣ» አለችው። እሱም «ይወጣ የለ?» አላት።

አሁን በረዶው ሄዶ የበርቹ ቅጠል ወጥቷል። እሮብ እሮብ ሃልቫርድ በመኪናው ይወስደዋል፤ ጉንቮርም መስኮቱን ከፍታ ልብሷን ታሰጣለች። የዱሮዋ ትንፋሽ አሁንም ትናፍቃታለች። ጆሮዋ ተሳስቶ የመጨረሻዋ ናት ይልና ድንቹን ያለ ሰዓቱ አስጥዶ ያፈርስባታል። ግን ስትጠብቅ የምትጠብቀው ነገር ይመጣል፤ ይህ ከኅዳሩ ዝምታ ጋር አንድ አይደለም።

የሚያስፈራት ሌላ ነው። ወደ ሐይቁ የሚያወጣው የእግር መንገድ የተኩስ ሜዳውን ያቋርጣል። ሲተኮስ ቀይ ባንዲራ ይሰቀላል፣ መንገደኛ ይቆማል። ነገር ግን ታርየይ መዝጊያውን እስኪስብ ያለው ዝምታ ረጅም ነውና ሰዉ ባንዲራ ማውረድ የረሱ ይመስለዋል። አንዳንዱ መንገዱ ዳር በተተከለው ሰሌዳ ላይ ወዳለው የክበቡ ስልክ ደውሎ «አልጨረሳችሁም?» ይላል። ባለፈው እሮብ ባልና ሚስት ውሻቸውን ይዘው ዝም ብለው ገቡ። ሃልቫርድ ጮኾ አስቆማቸው። ታርየይ ጠመንጃውን አስቀመጠና «ሰው የማስቸግረው እኔ ነኝ፤ ይብቃኝ መሰለኝ» አለ። ያን ማታ እራቱን አልነካም። የሚቀጥለው እሮብ ይሄድ እንደሆን እስካሁን አልተናገረም።

ስለዚህ ጉንቮር ይህን ለምታነቡ ሁሉ አንድ ልመና አላት። ወደ ኡላዳል ሸለቆ ብቅ ብትሉ፣ ወይም በየአገራችሁ ቀይ ባንዲራ የሚሰቀልበት መንገድ ላይ ብትደርሱ፣ ዝም ስላለ አልቋል አትበሉ። አትደውሉ፣ አትሻገሩ፣ ሰዓታችሁንም አትዩ። ድንጋዩ ላይ አረፍ በሉ፤ ውሻችሁን ያዙ፤ የያዛችሁትን ቡና ቅዱ። ባንዲራው እስኪወርድ ጠብቁት እባካችሁ፤ መዝጊያውን እየሳበ ነው።